ክራር ይዞ ወደ ጨርጨር

ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ሰዎች ጭሮን ዛሬም አሰበ ተፈሪ ይሏታል። የአውቶቡሱ ረዳት «ጭሮ! ጭሮ!» እያለ ይጣራል፤ ቦርሳቸውን አቅፈው የሚሳፈሩት ሽማግሌ ደግሞ «አሰበ ተፈሪ አንድ ሰው» ይላሉ። የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር የሚሄደው አውራ ጎዳና መሐሏን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ጸጥ የምትልበት ሰዓት ጥቂት ነው። ቀን ባጃጅ፣ ማታ ከባድ መኪና፣ በመሐሉ ደግሞ ጫት ጭኖ ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደም አይሱዙ አለ። የሞባይል መሸጫ ሱቁ በር ላይ የቆመው ድምፅ ማጉያ ከጎረቤቱ ድምፅ ማጉያ ጋር ሲፎካከር ይውላል።

ባለፈው ጥር ወደዚች ከተማ ክራር ይዤ ሄድኩ።

ነገሩ የእህቴ ልጅ ነገር ነው። እህቴ በመምህርነት ተመድባ ከሄደች ወዲህ ኑሮዋ እዚያው ጭሮ ሆኗል፤ የሂርና ልጅ አግብታ ሦስት ልጆች ወልዳለች። ትልቋ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ክረምቱን አዲስ አበባ እኛ ዘንድ ስታሳልፍ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ክራር ስትነካካ ከረመች። ትምህርት ሲከፈት ወደ አገሯ ተመለሰች፤ ክራሩ ግን የጎረቤት ነበርና አዲስ አበባ ቀረ። ከሁለት ወር በኋላ እህቴ ደወለች። «ክራር ግዛና ይዘህ ና፤ ልጅቷ የወንበር እግር ላይ ሲባጎ እየወጠረች ቤቱን ልታፈርሰው ነው» አለችኝ።

ክራር መግዛት ቀላል ይመስላል። የስጦታ ዕቃ መሸጫዎቹን ብትዞሩ በቀለም ያሸበረቀ፣ ዛጎል የተደረደረበት፣ በቆዳው ላይ የላሊበላ ሥዕል ያለበት ክራር ሞልቷል። አብዛኛው ለግድግዳ የተሠራ ነው። ለልጅ መማሪያ የሚሆነውን ለመለየት ጆሮና ጣት ይበቃል። ቆዳውን በጣት መታ አድርጉት፤ እንደ ካርቶን ደረቅ ድምፅ ከሰጠ ተዉት፣ እንደ ትንሽ ከበሮ ጥርት ብሎ ከመለሰ ደህና ነው። ክሮቹ የሚጠመጠሙበትን የላይኛውን አግዳሚ እንጨት፣ ቀንበሩን፣ በሁለት እጅ ያዙና ወዝወዝ አድርጉ፤ ከተንቀሳቀሰ ክራሩ ቅኝት አይጠብቅም። በድሮው አሠራር ክሩ በጨርቅ ተጠምጥሞ ቀንበሩ ላይ ይጠብቃል፤ አሁን አሁን የጊታር መቃኛ ቁልፍ የተገጠመላቸው አሉ። ለጀማሪ ልጅ ቁልፉ ይሻላል፤ በጨርቅ መቃኘት ትዕግሥት የሚጠይቅ ሙያ ነው። የድሮው ክር ከበግ አንጀት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ናይለን ወይም ሽቦ ነው። እኔ ናይለኑን መረጥኩ። ሽቦ የልጅ ጣት ይቆርጣል፣ ድምፁም ይጮኻል።

ሻጩ «ለመድረክ ከሆነ በኤሌክትሪክ የሚሠራም አለኝ» ብሎኝ ነበር። ለመድረክ አልነበረም።

መንገዱን የማያውቅ ሰው ከአዲስ አበባ እስከ ጭሮ ያለውን የአየር ለውጥ በቆዳው ይማረዋል፤ እኔ በክራሩ ቆዳ ተማርኩት። አዳማን አልፎ መተሐራ ላይ የበሰቃን ሐይቅና የፈንታሌን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲያዩ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል። አዋሽ ሰባት ላይ ምሳ ለመብላት ስንወርድ ክራሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ነካ አደረግሁት፤ ከቤት ስወጣ የቃኘሁት ቅኝት የለም። ደረቁ ሙቀት ቆዳውን ወጥሮ ድምፁን ሁሉ ወደ ላይ ስቦታል። አሰቦትን፣ የቀድሞው የምድር ባቡር ጣቢያ የነበረባትን ሚኤሶን አልፈን ሽቅብ ወደ ጨርጨር ደጋ መውጣት ስንጀምር ነፋሱ ቀዘቀዘ። ማሽላው ታጭዶ አገዳው በየማሳው ቆሟል። ጭሮ ስንደርስ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፤ ማታ እህቴ ቤት ክራሩን ስከፍተው ደግሞ ድምፁ ወደ ታች ወርዷል።

ልጅቷ ይህን ስነግራት ሳቀች። «ስለዚህ ታመመ ማለት ነው?» አለች። አልታመመም። ቆዳ፣ እንጨትና ክር ነው፤ ያለበትን አየር ይተነፍሳል። ክረምት ሲሆን ምድጃ አጠገብ ትንሽ ማሞቅ፣ በጋ ሲሆን ከፀሐይ ማራቅ ነው። ከፋብሪካ የወጣ ኪቦርድ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ኪቦርድ የወደደ ልጅ አይወቀስም፣ ርካሽ አይሁን እንጂ ምቹ ነው።

የኪቦርዱን ምቾት በማግሥቱ በሰርግ አየሁት። የእህቴ ጎረቤቶች ልጃቸውን ይድሩ ነበር። አንድ ወጣት በአንድ ኪቦርድ ከበሮውን፣ ቤዙን፣ ዋሽንቱን፣ ክራሩን ሳይቀር ያሰማል። ግቢው ጠባብ ነው፣ ድምፅ ማጉያው ግን ለስታዲየም የሚበቃ ነው። አሮጊቶቹ አንድ ጥግ ተሰብስበው ተቀምጠዋል፤ አንዷ ሌላዋን ለማናገር ጆሮዋ ላይ ትጠጋለች፣ ከዚያ ሁለቱም ይተዉታል። ሙሽራዋን ያሳደጉ ሴቶች ናቸው። በሰርጓ ላይ የሚሏት ነገር እንደነበራቸው ከፊታቸው ይነበብ ነበር።

የገረመኝ የዋዜማው ነው። ኪቦርዱ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ምሽት፣ በጓሮ በኩል ሽንኩርት እየተከተፈ፣ ልጃገረዶቹና ወጣቶቹ ፊት ለፊት ተሰልፈው ሸጎዬ ጨፈሩ። ሸጎዬ የሐረርጌ ኦሮሞ ጭፈራ ነው፤ አንገትና ራስ ይወዛወዛል፣ ትከሻ ለትከሻ ይቀራረባል፣ ግጥሙን አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ባየሁት ሁሉ መሣሪያ አልነበረም። እጅ፣ እግርና እስትንፋስ ብቻ። ያኔ አሮጊቶቹ ጥግ አልያዙም፤ መሐል ገብተው የተሳሳተ ግጥም ሲያርሙ፣ ሲሳሳቁ አየኋቸው። በአንድ ግቢ፣ በሃያ አራት ሰዓት ልዩነት፣ አንድ ዓይነት ሴቶች።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ያለ ድምፅ ማጉያ የሚሰማ የክርና የቆዳ ሙዚቃ ሊጠፋ ነው የሚለው ስጋት የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ሐሊም ኤል-ዳብህ የተባለ ግብፃዊ የሙዚቃ ደራሲ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፈጠራ ጥበባት ማዕከል ውስጥ «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ»ን አቋቋመ። በዚያን ጊዜ ከተማው በማርሽ ባንድና በዘመናዊ ኦርኬስትራ ተይዞ ነበር። እሱ ግን ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱን፣ እምቢልታውን፣ በገናውን፣ ከበሮውን ከየአገሩ ሰብስቦ በአንድ መድረክ አስቀመጣቸው። ለየብቻ የኖሩ መሣሪያዎች ናቸው፤ አብረው እንዲጫወቱ ማድረግ ራሱ አዲስ ነገር ነበር። በኋላ ቡድኑን ለረጅም ጊዜ የመራው ተስፋዬ ለማ ነው።

ከዚህ ቡድን ጋር ስሙ የሚነሳ አንድ አሜሪካዊ አለ፣ ቻርለስ ሳተን። የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ሆኖ መጥቶ ማሲንቆ ከጌታመሳይ አበበ ተማረ፤ አማርኛ እየዘፈነ ከቡድኑ ጋር ተጫወተ። እ.ኤ.አ. በ1969 ቡድኑ «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም አሜሪካን ዞረ፣ በዚያን ዘመን አገር ሁሉ ይመለከተው በነበረው የኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይም ቀረበ። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ በአብዮቱ ማግሥት፣ ፈረሰ። ሳተንና ጌታመሳይ ግን ከሠላሳ ዓመታት በላይ ቆይተው እንደገና ተገናኙና «ዞሮ ገጠም» የተባለ አልበም አብረው አወጡ።

ይህን ታሪክ ለልጅቷ ስነግራት የጠየቀችኝ ጥያቄ፣ «ፈረንጁ ለምን የራሱን አገር መሣሪያ አልተጫወተም?» የሚል ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ለእኛ ለወላጆች ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

የራሳቸው ጣጣ ነበራቸዋ። በአሜሪካ ደቡብ ገጠር በቫዮሊን፣ በባንጆና በጊታር የሚጫወቱት የድሮ ሙዚቃ ነበር። ባንጆ ራሱ የአፍሪካ ልጅ ነው፤ በባርነት የተወሰዱት ሰዎች ቅል ላይ ቆዳ ወጥረው ይሠሩት ከነበረው መሣሪያ የመጣ ነው። ከክራር ጋር የሚያገናኘው ይኸው በቆዳ የተሸፈነ ሆዱ ነው እንጂ ዝርያቸው ይለያያል፤ ባንጆ አንገት አለው፣ ክራር ቀንበር አለው። ሬዲዮና የኤሌክትሪክ ጊታር ሲመጣ ይህ ሙዚቃ ከወጣቱ ጆሮ ራቀ። እ.ኤ.አ. በ1958 «ኒው ሎስት ሲቲ ራምብለርስ» የተባሉ ሦስት የከተማ ወጣቶች የድሮ ሸክላዎችን እያዳመጡ፣ ገጠር ወርደው ሽማግሌዎችን እየፈለጉ እንደገና መጫወት ጀመሩ። ከነሱ በኋላ ብዙዎች ተከተሉ።

ከሁሉም ግን ልቤን የነካው የጆ ቶምሰን ታሪክ ነው። በሰሜን ካሮላይና፣ ሜቤን በምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖር ጥቁር አሜሪካዊ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር። ዜማውን ከአባቱ ተምሮ ለረጅም ዓመታት ከአጎቱ ልጅ ጋር ሲጫወት ኖረ፤ አብሮት የሚጫወተው ዘመዱ ሞተ። በ2005 ሰማንያዎቹ ውስጥ ሳለ ሦስት ጥቁር ወጣቶች በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ ቤቱ እየመጡ አብረውት መጫወት ጀመሩ። ሪያነን ጊደንስ፣ ዶም ፍሌመንስና ጀስቲን ሮቢንሰን ይባላሉ። ማይክሮፎን የለም፤ ሳሎን ነው። በኋላ «ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ» በሚል ስም ባወጡት አልበም በ2011 የግራሚ ሽልማት አገኙ። ጆ ቶምሰን በ93 ዓመቱ፣ በ2012 አረፈ። ሽልማቱ ደስ ይላል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሐሙስ ማታው ነው። አንድ ሽማግሌ፣ ሦስት ልጆች፣ አንድ ክፍል።

በእኛም አገር እንዲህ ዓይነት ክፍል የሚፈልግ መሣሪያ እንዳለ በገና ምስክር ነው። አሥር ክር ያለው፣ ዝግ ያለና የሚርገበገብ ድምፅ ያለው የጸሎት መሣሪያ። በደርግ ዘመን ተዳክሞ ነበር። በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተምር የነበረው ዓለሙ አጋ ትምህርቱ ሲቋረጥ ማስተማሩን ትቶ ሱቅ ከፈተ። ዛሬ ግን በአዲስ አበባ በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በየማሠልጠኛው በገና የሚማር ወጣት ብዙ ነው፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ድምፁ ከየቤቱ ይሰማል። ክራር እንደዚያ ያለ ጠባቂ አልነበረውም። እንዲያውም የድሮ ሰዎች በገናን የእግዚአብሔር፣ ክራርን የሰይጣን ዕቃ ይሉ ነበር። አስናቀች ወርቁና ሜሪ አርምዴ፣ ሁለቱም ሴቶች፣ በዚያ ዘመን ክራር ይዘው አደባባይ መውጣታቸው ምን ያህል ድፍረት እንደጠየቀ ከዚህ ይገመታል።

በዚህ በምሥራቁ በኩል ደግሞ ክራር ብቻ አይደለም፤ ኡድ አለ። ከቀይ ባሕር ማዶ በድሬዳዋና በሐረር በኩል የገባ፣ ሆዱ እንደ ግማሽ ዱባ የተነፋ መሣሪያ ነው። ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገው ዓሊ ቢራ ገና በልጅነቱ «አፈረን ቀሎ» ከሚባለው የባህል ቡድን ጋር ሆኖ በሰርግ ላይ እየዘፈነ ነው የጀመረው፤ ኡድ ይጫወት ነበር። በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በአማርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በዓረብኛ ዘፍኗል። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ በጭሮ ሱቆች ድምፅ ማጉያዎች ሁሉ የሱ ዘፈን ብቻ ይሰማ እንደነበር እህቴ ነግራኛለች።

የክር መሣሪያ ዛሬ በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ማን እጅ እንዳለ ለማየት ሁለት ቀን ወስጄ ወጣ አልኩ። ከጭሮ ወደ ምሥራቅ ትንሽ እንደተሄደ አርበረከቴ ላይ መንገዱ ወደ ደቡብ ይታጠፋል፤ ቁኒን፣ በዴሳን አልፎ ገለምሶ ያደርሳል። የቡና፣ የጫትና የበቆሎ አገር ነው፤ ተራራው እስከ ጫፉ እርከን ተሠርቶለታል። የኢቱ ኦሮሞ ገዳ መቀመጫ የሆነው ኦዳ ቡልቱምም በዚሁ በበዴሳ በኩል ነው፤ በጭሮ ያለው ዩኒቨርሲቲ ስሙን ከዚህ ዛፍ ወስዷል።

ገለምሶ ላይ ያገኘሁት ኪቦርድ ነው፤ በደንብ የሚጫወቱ ልጆች። በዴሳ ላይ ግን አንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ግድግዳ ላይ ኡድ ተሰቅሎ አየሁ። ክር የለውም። ባለቤቱ ስድሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ነው። «በወጣትነቴ ድሬ ነው የገዛሁት፣ አቦ» አለኝ እየሳቀ። ማታ ማታ ሱቁን ሲዘጋ ለጓደኞቹ ይጫወት ነበር። ክሩ ሲበጠስ ከድሬዳዋ ያስመጣል፤ ጓደኞቹ አንድ በአንድ ሲሄዱ፣ አንዱ ጅቡቲ፣ አንዱ አዳማ፣ አንዱ መቃብር፣ ክር ማስመጣቱን ተወው። ለልጆቹ ለምን እንዳላስተማረ ጠየቅሁት። «ጠይቀውኝ አያውቁም» አለ። ከዚያ ጨርቁን ገልብጦ ስፌቱን ቀጠለና ትንሽ ቆይቶ፣ «እኔም ኑ ብዬ አላውቅም» አለ።

ወደ ሂርና የሄድነው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እህቴ፣ ባሏ፣ ልጆቹና እኔ። ሂርና ከጭሮ ወደ ምሥራቅ በአውራ ጎዳናው ላይ ያለች፣ ሸለቆዋ ለምለም የሆነ ከተማ ናት። የእህቴ አማት የሚኖሩት ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው። ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ልጆቹ «አኮ» ይሏቸዋል፣ አያት ማለት ነው። የሐረርጌ ልጅ ደግሞ አያቱንም «አንቺ» ነው የሚል። «አንቺ አኮ፣ ነይ ይህን እዪ» ስትላቸው እኔ ወሎ ተወልጄ አዲስ አበባ ያደግሁት ሰውዬ ዛሬም ደንገጥ እላለሁ።

አማቷ በወጣትነታቸው ሸጎዬ በማውጣት የታወቁ ነበሩ። ይህን የነገረችኝ እህቴ ናት፤ ከሳቸው አፍ ግን አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም። ካገቡ በኋላ ቀስ በቀስ ተዉት፣ ሐጅ ከሄዱ ወዲህ ደግሞ ጨርሶ። የሚያንጎራጉሩት መንዙማ ነው። የቀድሞውን ዘፈን ጠይቀዋቸው የሚያውቁ የዘመድ ልጆች ነበሩ፤ ስልክ ደቅነው፣ «አኮ ዝፈኚልን፣ ቪዲዮ እንቅረጽሽ» ብለው። «በዚህ ዕድሜዬ ሰፈሩ ይስቅብኝ?» ብለው አባረሯቸው።

ልጅቷ ክራሯን ይዛ ነው የሄደችው። ከእራት በኋላ ወንዶቹ በረንዳ ላይ ወጥተን ተቀመጥን፤ እሷ ከአያቷ ጋር ጓዳ ቀረች። የምታውቀው የክረምቱን ትምህርት ነው፤ ትዝታ፣ ጥቂት ባቲ። (ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ አገር ስም ናቸው፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።) ትዝታውን ስትደረድር ይሰማናል፤ ወዲያው ቆመች። ከዚያ ሌላ ነገር ተሰማ፤ የክራሩ ድምፅ አይደለም። የአሮጊት ድምፅ ነው፣ እንደ ክር የቀጠነ። የእህቴ ባል የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እናቱ ሸጎዬ ሲያወጡ ሰምቶ አያውቅም ነበር።

አንዳችንም አልተንቀሳቀስንም። ብንነሳ እንደሚያቆሙ ገባን።

በኋላ ልጅቷን ምን ብላ እንዳዘፈነቻቸው ጠየቅኋት። ምንም አላለቻቸውም። «ይህ የማን ዘፈን ነው?» አሉኝ፣ «የወሎ ነው» አልኳቸው፣ «የኛንስ አታውቂም?» አሉኝ፣ ይኸው ነው። እሳቸው ደግሞ በማግሥቱ ቡና ላይ ለእህቴ እንዲህ አሏት፦ «ይቺ ዕቃ ደህና ናት። ከበር አትወጣም።»

ከበር አትወጣም። ክራርን በመድረክ የምናውቅ ሰዎች ድምፁ አነስተኛ መሆኑን እንደ ጉድለት ቆጥረን ኤሌክትሪክ ገጠምንለት። እኒህ ሴት የፈለጉት ግን ያንኑ ነው። ሃይማኖታቸውንም ክብራቸውንም ሳይነካ፣ ሰፈር ሳይሰማ፣ ስልክ ሳይቀርጽ፣ አንዲት ልጅ ብቻ ስትሰማ። በኪቦርድ ቢሆን የሚታሰብ አልነበረም።

ዘፈኑን ወደ ክራር ማምጣቱ ግን እንዲህ በዋዛ የሚሆን አይደለም። ቅዳሜ ጧት አብረው ሲሠሩ አጠገባቸው እንድቀመጥ ተፈቀደልኝ። የመጀመሪያው ችግር ቅኝቱ ነው። በትዝታው ቅኝት ሁለት ቦታ ላይ ዜማው ከክሩ ጋር ይጋጫል። ልጅቷ ሁለቱን ክሮች ዝቅ ስታደርግ አያቷ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተስማማ። ሁለተኛው ችግር የባሰ ነው። የአኮ ድምፅ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው፤ ክራር ደግሞ መንሸራተት አይችልም። እያንዳንዱ ክር አንድ ድምፅ አለው፤ ከተመታ ተመታ ነው። ለዚህስ ማሲንቆ ይቀርብ ነበር፤ አንድ የፈረስ ጭራ ክር፣ ጣት ወደ ላይና ወደ ታች እያለ እንደ ሰው ድምፅ ያስለቅሰዋል። ልጅቷ በራሷ መላ ፈለገች፤ በተንሸራታቹ ቦታ ላይ ሁለቱን ክሮች ቶሎ ቶሎ ታፈራርቃቸዋለች። ሙዚቃ የተማረ ሰው ቢያያት ምን እንደሚላት አላውቅም። አያቷ ግን «እንደሱ» አሏት።

ሦስተኛው ችግር እጅ ነው። ሸጎዬ የሚጨፈረው በእግርና በእጅ ምት ነው፤ ክራር ይዞ ማጨብጨብ አይቻልም። ይህንንም አኮ ፈቱት፤ በሁለት ጣት የሰፌዱን ጠርዝ መታ መታ አደረጉ። የቀድሞ ኦርኬስትራ መሪዎች ቢያዩ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

ይህን እያነበባችሁ «እኛ ቤት ክራር የለም፣ አያትም የዘፋኝ ዘር አይደሉም» የምትሉ ትኖራላችሁ። የእህቴ አማትም የዘፋኝ ዘር አይደሉም፤ አገር ሁሉ የሚዘፍነውን ነው የሚያውቁት። ክራሩም ውድ መሆን የለበትም። የሚቸግረው ሰዓቱ ነው። እህቴ ለጊዜው ያገኘችው መፍትሔ በአስራ አምስት ቀን አንዴ፣ ቅዳሜ፣ ልጅቷን ሂርና መላክ ነው። ቤቷ ቴሌቪዥኑ ጠዋት በርቶ ማታ የሚጠፋ ነበር፤ አሁን ከመግሪብ በኋላ አንድ ሰዓት ይጠፋል። ትንሹ ወንድሟ በዚህ ክፉኛ ተቆጥቷል፤ ኳስ የሚያሳዩበት ሰዓት ነው። ጉዳዩ ገና በድርድር ላይ ነው።

የበዴሳው ልብስ ሰፊም ነገር አለ። ድሬዳዋ የሚመላለስ አንድ የእህቴ ባል ጓደኛ የኡድ ክር ገዝቶ እንዲወስድለት ተልኳል። ለማን እንደሚጫወት እንጃ፤ ሱቁ ፊት ለፊት ግን ትምህርት ቤት አለ፣ ልጆቹ ሲወጡ በሩ ላይ ያልፋሉ።

እኔ ተመልሼ አዲስ አበባ ከገባሁ ሦስት ወር ሆኖኛል። ቪዲዮ እንዳይቀረጽ አኮ ከልክለዋል፤ ድምፅ ብቻ፣ ለእኔ ብቻ፣ ተፈቅዷል። ባለፈው እሑድ የመጣው አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው። መጀመሪያ ዶሮ ይሰማል፣ ቀጥሎ በሩቅ የከባድ መኪና ጥሩምባ። ክራሩ ይጀምራል፤ ካለፈው ጊዜ በጣም ተሻሽሏል። ሰፌዱ ይገባል። አርባኛው ሰከንድ ላይ አንድ ክር ይስታል። «ላኪ» ይላሉ አኮ፣ አይደለም ማለታቸው ነው፤ ቦታዋን በድምፃቸው ያሳያሉ፣ ልጅቷም ከመጀመሪያው ትጀምራለች።